ለሚረሱ አረጋውያን የታሰበው ቤት

ቀን፦ ኅዳር 1973 ዓ.ም.፣ ከሰዓት በኋላ
ቦታ፦ አዋሳ፣ ከፒያሳ ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሳሎን (በአዋጅ ከመወረሱ በፊት የነጋዴው የአቶ ወልደጻድቅ መኖሪያ የነበረ)

የተገኙ፦
ጓድ ሽበሺ፣ ሰብሳቢ
ጓድ ደበሌ፣ የቅስቀሳ ኃላፊ
ሲስተር ታቢታ፣ የጤና ባለሙያ
ወ/ሮ ካሰች ወልደጻድቅ፣ ባለጉዳይ፣ ድምፅ የማይሰጡ
ፍቅሬ፣ ጸሐፊ፣ ሳይጠየቅ የተመደበ

ያልተገኙ፦ ጓድ ታደሰ፣ ስብሰባውን ረስተው። መርሳታቸው ለጉዳዩ ያላቸውን ቅርበት ያሳያል ተብሎ እንደተገኙ ስለተቆጠሩ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ ስለ ስብሰባው ምክንያት

እያንዳንዱ ቀበሌ የማስታወስ ችሎታቸው ለደከመ አረጋውያን የሚሆን የመኖሪያ ቤት ንድፍ እንዲያቀርብ ከበላይ አካል መታዘዙን ሰብሳቢው ገለጹ። በቀበሌያችን በዚህ ችግር የታወቁት አቶ ወልደጻድቅ ናቸው። አዛውንቱ አዋጁን ረስተው በየማለዳው ወደዚህ ቤት እየመጡ ባለጉዳዮችን “ጫማችሁን ጥረጉ” ይላሉ። ባለፈው ሳምንት ገና ሳይነጋ የአጥሩን በር ሲያንኳኩ ዘበኛው ፀረ አብዮተኛ መስለውት ተኩሷል። ጥይቱ ያገኘው የግቢውን ዋርካ ብቻ በመሆኑ ነገሩ በመልካም ሁኔታ መጠናቀቁ ተገለጸ። ልጃቸው ወ/ሮ ካሰች መልካም የተባለው ለማን እንደሆነ ጠየቁ፤ ወደሚቀጥለው አጀንዳ ታለፈ።

አጀንዳ 2፦ ስለ ንድፉ

ሲስተር ታቢታ፣ የሚረሳ ሰው መራመድ ስለሚያበዛ ግቢው ውስጥ ዞሮ ዞሮ ወደ በሩ የሚመልስ መንገድ ይሠራለት አሉ። ጓድ ደበሌ ዞሮ ወደነበረበት የሚመለስ መንገድ የአድኃሪያን መንገድ መሆኑን አስረድተው፣ መንገዱ ቀጥ ብሎ ወደፊት እንዲሄድ ጠየቁ። ሲስተር ታቢታ ወደፊት ያለው ሐይቁ መሆኑን አስታወሱ። ከረጅም ውይይት በኋላ መንገዱ ወደፊት እንዲሄድ፣ ሐይቁ ዳር ሲደርስም ጠባቂ እንዲቆምበት ተወሰነ።

ሲስተር ታቢታ በመቀጠል፣ ሰዎቹ ክፍላቸውን እንዲለዩ በሮቹ ልዩ ልዩ ቀለም ይቀቡ አሉ። ጓድ ደበሌ ሁሉም ቀይ ይሁን አሉ።
“ታዲያ በምን ይለዩታል?”
“በንቃት።”
ሁሉም ቀይ እንዲሆን ተወሰነ።

የድሮ ፎቶግራፍና የቤት ዕቃ በየክፍሉ ይቀመጥ የተባለው ሐሳብ ብዙ አከራከረ። በመጨረሻም ነዋሪዎቹ ከየካቲት 1966 ወዲህ ያለውን ብቻ እንዲያስታውሱ ተፈቀደ። ሲስተር ታቢታ፣ የሚረሱት እሱኑ ነው፤ የቀራቸው የድሮው ብቻ ነው ብለው የተናገሩት በልዩነት ተመዝግቧል።

ሲስተር ታቢታ፣ እውነቱን ለመናገር ለእንደዚህ ያለ ሰው ከሁሉ የሚሻለው የኖረበት ቤት ነው አሉ። ተሰብሳቢዎች ሁሉ ኮርኒሱን አዩ። ሰብሳቢው፣ እንደዚያ ከሆነ የዚህን ቤት አምሳያ ከከተማው ወጣ ብሎ ቱላ ላይ በኮምፔንሳቶ መሥራት ይቻላል አሉ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ወ/ሮ ካሰች፣ “እኔ ቤት ሥሩለት አላልኩም። ቀን ቀን በረንዳው ላይ ይቀመጥ፣ እናንተም አትተኩሱበት ነው ያልኩት” አሉ።
ሰብሳቢው፣ “በረንዳው የሕዝብ ነው” አሉ።
“አባቴስ ሕዝብ አይደለም?”
ጥያቄው በአጀንዳው ላይ ያልተያዘ በመሆኑ ታለፈ።

አጀንዳ 3፦ ያልታሰበ ጉዳይ

በዚህ ጊዜ አቶ ወልደጻድቅ ከረባት አስረው በጓሮ በር ገቡ። ሰዎች ግራና ቀኝ ኮስተር ብለው ተቀምጠው፣ ልጃቸው መሐል አንገቷን ደፍታ ሲያዩ፣ ኮሚቴውን ለጋብቻ የመጡ ሽማግሌዎች አድርገው እንደገመቱት ከንግግራቸው ለመረዳት ተችሏል።
“እንኳን ደህና መጣችሁ። ተቀመጡ እንጂ።”
ኮሚቴው ተቀምጦ ስለነበር ተነሥቶ እንደገና ተቀመጠ።
“የማንን ልጅ ይዛችሁ ነው?”
ጓድ ደበሌ፣ “አባት፣ ይኸ ቤት እኮ የመንግሥት...” ብለው ጀመሩ።
“የመንግሥት ሠራተኛ ነው? ጥሩ። ይጠጣል?”
ሲስተር ታቢታ፣ “ኧረ አይጠጣም፣ አባባ” አሉ።
“ጠባዩስ?”
ሰብሳቢው ሳያስቡት፣ “ጨዋ ልጅ ነው” አሉ።

የአራት ልጆች እናት የሆኑት ወ/ሮ ካሰች መጀመሪያ ሣቁ። ከዚያ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ከነጠላው ሥር የሆነውን ለመመዝገብ አልተቻለም።

አቶ ወልደጻድቅ፣ “እንግዲህ አንድ ልጄ ናት። ዘመድ ሳላማክር ቃል አልሰጥም። ለዛሬ በሰላም ግቡ” ብለው ተነሡና ዋናውን በር ከፈቱ። ለሽምግልና ሄዶ “በሰላም ግቡ” የተባለ ሰው ስለማይቀመጥ፣ ኮሚቴው ተራ በተራ እጅ እየነሣ ወጣ። ጓድ ደበሌ ደፉ ላይ ሲደርሱ “እግዜር ይስጥልኝ” ሲሉ ተሰምተዋል። ወ/ሮ ካሰች የቤተሰብ አባል በመሆናቸው ውስጥ ቀሩ። በሩ ከውስጥ ተቆለፈ።

ዘበኛው በሩን ይስበር እንደሆነ ጠየቀ። ሰብሳቢው በመስኮቱ ወደ ውስጥ አዩ። አዛውንቱ በሰብሳቢው ወንበር ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን እያወለቁ፣ ልጃቸውን፣ “ሰዎቹ ደህና ሰዎች ይመስላሉ፤ ግን ማን ላካቸው?” ይሏት ነበር። ሰብሳቢው ከመስኮቱ ዞር ብለው፣ “ዛሬን ይደሩ። ነገ ጠዋት ይወጣሉ” አሉ። ሲስተር ታቢታ፣ ነገ ጠዋት ከቤታቸው የሚያስወጣቸው ማን እንደሆነ በስም ይመዝገብ አሉ። ስሙን የሰጠ አልተገኘም።

ስብሰባው ሲመሽ የአጥሩ በር ላይ ተበተነ። ከመበተኑ በፊት በቁም የተላለፈ ውሳኔ፦ ቀጥ ያለው መንገድ፣ ቀዮቹ በሮች፣ የተፈቀደው ትዝታና የቱላው ኮምፔንሳቶ ቤት በሙሉ እንዳልተወሰኑ ይቆጠሩ። ምክንያት፦ አዛውንቱ ቤታቸው ስለገቡ።

ጓድ ደበሌ “ቤታቸው” የሚለው ቃል እንዲሠረዝ ጠይቀዋል። ሥርዙን የሚያጸድቀው ማኅተም እቤት ውስጥ ተቆልፎበት በመቅረቱ፣ ቃሉ እንዳለ አልፏል።