አራት ሰው የዳነበት ድካሜ

አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስለ ድካም ላወራ ነው፤ ስለ ድካም የሚያወራ ሰው ደግሞ ሰሚውንም ያደክማል። ዝም ብል በወደድኩ፤ ግን ሕሊና የሚባል ነገር አለ። እኔ ውስጥ የማይደክመው እሱ ብቻ ነው።

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ በእኛ አገር ድካም በሽታ ነው? ራሱን ያመመው ይጠየቃል፤ ወገቡን ያመመው ይታሻል። ደከመኝ ያለ ሰው ግን "ተነስ እንግዲህ" ይባላል። መድኃኒቱ ይኸው ነው፤ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከምግብ በፊት።

እኔ ሰይድ፣ ቤቴ ደሴ ቧንቧ ውሃ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ፣ መዝገብ ቤት ነኝ። ሌሊቱን ሙሉ ተኝቼ ስነሳ ሌሊቱን ሙሉ ሳጭድ ያደርኩ እመስላለሁ። ጠዋት ሚኒባሱ ቁልቁለቱን ሲጀምር እኔም እንቅልፌን እጀምራለሁ፤ እሱ ኮምቦልቻ ሲያቆም እኔ አላቆምም። ሁለት ጊዜ ከኮምቦልቻ አልፌ ደጋን ከተማ ላይ ነቅቻለሁ። ረዳቱ ትከሻዬን እየነቀነቀ መጨረሻው ነው ሲለኝ፣ የዱንያ መጨረሻ መስሎኝ ሸሃዳዬን ልል ምንም አልቀረኝም።

ኃላፊያችን አቶ ይማም በዕድሜ ልጄ ይሆናል፤ ጨዋ ነው፤ ሲያባርርም በአክብሮት ነው። "ጋሽ ሰይድ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ደጋን ከደረሱ ስንብት ነው። ከታመሙ የሐኪም ወረቀት ያምጡ" አለኝ።

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ደሜ ንጹሕ፣ ሽንቴ ንጹሕ፣ ሰገራዬ ሳይቀር ንጹሕ ተባልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተመስግኜ አላውቅም፤ ግን ወረቀት የለም። ነርሷ ሲስተር ዓለምነሽ አዘነችልኝና አዲስ ሕክምና በኢንተርኔት መጥቷል አለችኝ። ሰው ስለ ድካሙ የሚያስበውን ሲያስተካክል፣ እንቅስቃሴውንም ቀስ በቀስ ሲጨምር ይበረታል ይላል። ስምንት ሳምንት፣ በየሳምንቱ አንድ ትምህርትና የቤት ሥራ፦ በየቀኑ መራመድ፣ ማለዳ በአንድ ሰዓት መነሳት፣ በደከመኝ ቁጥር ያሰብኩትን ጽፌ "ይህ ሐሳብ እውነት ነው ወይ?" ብዬ መጠየቅ፣ መልሱንም በኮምፒውተር መላክ። ለደከመው ሰው ይህ ሁሉ ሥራ! ይህን የሚችል ሰው ጤና ጣቢያ ምን ይሠራል?

ደግነቱ በዚያ ዘመን መሥሪያ ቤቱ ሁሉ አንድ ለአምስት ተደራጅቶ ነበር። አምስት ሠራተኛ አንድ ቡድን ነው፤ የአንዱ ችግር የአምስቱ ነው። መሪያችን ጸሐፊዋ እናትነሽ ጉዳዩን ሰምታ የሥራ ክፍፍል ብቻ ነው የሚፈልገው አለች። መራመዱ ለተላላኪው ተሰጠ። ማለዳ መነሳቱ ለጥበቃው፤ ከእኔ ቀጥሎ የሚተኛ እሱ ነበርና። ማሰቡ ለዕቅድ ክፍሉ ሰውዬ፣ በእኔ ስም መላኩ ለራሷ። ለእኔ የደረሰኝ ክትትልና ድጋፍ ነው፤ እሱ ቁጭ ብሎ ይሠራል። ተኝቶም ይሠራል።

አሁን የሚገርመውን ልንገራችሁ፤ ሕክምናው ወላሂ ይሠራል። የተላላኪው ቦርጭ ጠፋ፤ ደብዳቤም በተጻፈበት ቀን መድረስ ጀመረ። ጥበቃው ሲነጋ በር ላይ ቆሞ ሰው ሰላም ይላል። እናትነሽ ትምህርቱን ስታነብ ከርማ ከአማቷ ታረቀች። ዕቅድ ክፍሉማ "ይህ ሐሳብ እውነት ነው ወይ?" ማለት ለምዶ የዓመቱን ዕቅድ መጠየቅ ሲጀምር፣ በስንት ልመና አስተውነው።

በስምንተኛው ሳምንት ሲስተር ዓለምነሽ ጠራችኝ። ውጤትዎ ከታካሚው ሁሉ ይበልጣል ብላ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ማኅተም ያረፈበት ወረቀትም ሰጠችኝ። ታካሚው ከድካም ሙሉ በሙሉ ድነዋል ይላል። አቶ ይማም አንብቦ ጨበጠኝ፤ እኔም በገዛ እጄ ከግል ማኅደሬ ጋር አያያዝኩት።

በማግስቱ ደጋን ላይ ነቃሁ።

ግምገማ ተጠራ። አቶ ይማም ወረቀቱን ከፍ አድርጎ ያዘ። "ጤነኛ ሰው ሳያስበው ደጋን አይደርስም። እያወቁ ነው የሄዱት። ምን ሊሠሩ?"

ቡድኔን አየሁ፤ አራቱም ኮርኒስ ያያሉ። እውነቱን ብናገር በሐሰት ማስረጃ አምስታችንም እንባረራለን፤ ዝም ብል እኔ ብቻ። ያኔ እናትነሽ ጉሮሮዋን ጠረገች።

"ጋሽ ሰይድ ደጋን ሴት አላቸው። ግለ ሂስ ያድርጉና ይውጣላቸው።"

ምን ላድርግ? ተነሳሁና አለችኝ አልኩ። ቤቱ ፊቱ በራ። ለስንፍና ምሕረት የለም፤ ለፍቅር ግን ቃለ ጉባኤ ያዡ ሳይቀር እስክሪብቶውን አስቀምጦ ፈገግ አለ። በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ታለፍኩ። አቶ ይማም ሲወጣ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ ለካ ድካሙ ከዚያ ነው አለኝ።

ደጋን የማውቀው ሰው ቢኖር ያ ረዳት ብቻ ነው።

እንግዲህ አደራ፣ ከእናንተ እንዳይወጣ። ሲስተር ዓለምነሽ ብትሰማ ልቧ ይሰበራል። አቶ ይማም ቢሰማ አምስት ቤት ይዘጋል። ባለቤቴ ፋጤ ከሰማች ግን የሴትዮዋን ስም ትጠይቀኛለች፤ ስም ለማውጣት ደግሞ ወላሂ ደክሞኛል።