ጋሽ ተክሌ «ሚስ» ሲያደርጉ

ይህ «ሚስ» የሚባል የእንግሊዝኛ ቃል ደብረ ብርሃን እንዴት እንደገባ ታውቃላችሁ? የተማሩት መነሻው ዒላማ መሳት ነው ይላሉ። እኛ ደግሞ ለናፍቆት አደረግነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ያስገባው ብርዱ ነው፤ ናፍቆታቸውን እርቃኑን ማውጣት የሚከብዳቸው አባቶች የሚደርቡለት ካፖርት ነው።

ጎረቤቴ ጋሽ ተክሌ ብርድ ልብስ ነጋዴ ናቸው። ኮምቦልቻ ለምትሠራው ልጃቸው ሲደውሉ፣ ስለ ውርጩና ስለ በጎቹ ካወሩ በኋላ «በይ፣ ሚስ አድርጌሻለሁ» ብለው ይዘጋሉ።

«ለምን በአማርኛ አይነግሯትም?» አልኳቸው።

«በአማርኛማ ያስለቅሰኛል» አሉኝ።

እኔ አላርፍ ብዬ ወተወትኳቸው። ባለፈው ሳምንት ደወሉላትና ለምስክርነት እንደተጠራ ሰው ከመቀመጫቸው ተነሡ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ልጄ፣ ናፍቀሽኛል» አሏት።

በማግስቱ ልጅቷ የጣርማ በርን ጉም አቋርጣ መጥታ በሩን በርግዳ ገባች።

«አባዬ፣ ምን ሆንክ? አመመህ እንዴ?»

ጋሽ ተክሌ ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ሳቡና፣

«ኧረ ፋይን ነኝ» አሏት።