አባ አይንሸራተቴ እና ድሪፍቱ

የመካነ ሰላም መናኸሪያ በሾፌር አይታማም፤ ከሾፌሮቹም ሁሉ እንደ ጋሽ ፈንታው የተከበረ የለም። የወግዲ መንገድ ስንቱን ቦይ ውስጥ ሲያስቀምጥ የእሱ ሚኒባስ አንድ ቀን ተንሸራቶ አያውቅም። ስለዚህም «አባ አይንሸራተቴ» ተባለ። ደመና ካየ መኪናውን ከግቢ አያስወጣም፤ ጥበብ እንዲህ ነው እንጂ!

ታዲያ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ሁዳ የምትባል ወጣት ጌም ቤት ከፈተች። እዚያ መኪና የሚነዳው ስክሪን ላይ በጣት ነው፤ የሚመሰገነውም ኩርባ ላይ መኪናውን በጎኑ ያንሸራተተ ነው። ድሪፍት ይሉታል። አገሩ ክረምቱን ሙሉ በነጻ ሲንሸራተት ኖሮ አሁን ከፍሎ ይማረዋል። ሥልጣኔ አይቅርብን!

ሾፌሩ ሳዲቅ ፈንታውን ነገር ፈለገው።

«እዚያ ጌም ላይ በአንዷ ኩርባ ነጥብ ካገኘህ ወላሂ አፌን እዘጋለሁ። ካቃተህ ግን አባ አይንሸራተቴ መባል ቀረ!»

«በልጅ መጫወቻ ነው የምታስፈራራኝ?» አለ ፈንታው። ሙያ በልብ ነው ይባላል፤ የእሱ ግን ምላሱ ላይ ነበረች። መናኸሪያው ግልብጥ ብሎ ጌም ቤት ገባ።

ሁዳ ለጀማሪ የሚሆን መኪና አሰናዳችለት። ጉልበቱን ቀነሰች፤ መሪው ሰፋ አድርጎ እንዲዞር አደረገች፤ የኋላ ጎማዎቹን እኩል እንዲሽከረከሩ አሰረቻቸው፤ መሬት እንዳይቆነጥጡም አላላቻቸው።

«ምነው ልጄ፣ ቂጡን ፈታሽው?»

«አብሽሩ ጋሼ፣ እንዲንሸራተት ነው።»

«ኋላው ፊቱን የቀደመ መኪና ባለቤት የለውም!»

ሁዳ ወደ ሌላ ደንበኛ ዞር ስትል፣ ፈንታው የልምድ ሰው ነውና፣ ያላላችውን ሁሉ አጠበቀው። ከዚያ ነዳ። ኩርባውን ሙሽራ እንደጫነች በቅሎ ቀስ ብሎ ዞረ። የነጥብ ሰሌዳው ላይ ዜሮ ወጣ።

«አያችሁ? አንዲት ጊዜ እንኳ አልተንሸራተተም!»

«ዜሮ ያሰጠዎት እኮ እሱ ነው፣ ጋሼ» አለች ሁዳ።

የሳዲቅ ሳቅ መናኸሪያውን ሞላው። ስም ሊሄድ ነው! ፈንታው «ድገሚልኝ» አለ። ሁዳ መኪናውን እንደ ቀድሞው አላላችና፣ «አሁን ንክች እንዳያደርጉት!» ብላ ሰጠችው። ኩርባው ላይ ሲደርስ የእጅ ፍሬኑን ያዘ፤ መኪናው ቂጡን ወርውሮ፣ ጭስ እየተፋ፣ ተጠማዞ ወጣ። ነጥቡ ሰሌዳውን ሞላው።

«መሻአላህ!» አለ ቤቱ። ሳዲቅም አፉን ዘጋ።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ፈንታው ሊቅ ሆነ። «መንሸራተት ውርደት የሚሆነው ሳያውቁት ሲመጣ ነው፤ አውቀው ሲያመጡት ሙያ ነው» እያለ ለመናኸሪያው ሁሉ ንግግር አደረገ።

ሰማይም ሰምቶት ኖሮ ሲነጋ ዘነበ። ሊቁ ለመጀመሪያ ጊዜ በዝናብ ወጣ። ከኋላ ተሳፋሪው ሞልቷል፤ ሚስቱ ንግሥቴ ጋቢና ተቀምጣለች። ከከተማው መውጫ ኩርባ ላይ መሪውን ጠመዘዘና የእጅ ፍሬኑን ሳበ። ሚኒባሱ ቂጡን አስቀድሞ ቦይ ውስጥ ቁጭ አለ። ከአንዲት ነጋዴ እንቁላል በቀር የተጎዳ የለም።

ፈንታው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ይሄ ድሪፍት ይባላል።»

ንግሥቴ በመስኮት ጭቃውን አየት አደረገችው።

«እሰይ የኔ ጀግና! ስንት ነጥብ አገኘህበት?»

«ይሄማ... ብዙ ነው።»

«እንግዲያው ነጥቡ ወርዶ ይግፋን። እምቢ ካለህ አንተ ውረድ።»