ስልክ «የማን ልጅ ነህ?» አይልም

ሰው መንገድ ከመጠየቅ ቢጠፋ የሚመርጥ ጓደኛ አላችሁ? እኔ አለኝ፤ አድክሞኛልም። ደሳለኝ ስልኩ ላይ ካርታ ካገኘ ወዲህ ወልቂጤ ውስጥ ዘወትር ወደምንጠጣበት ሻይ ቤት እንኳ ያለ ካርታ አይሄድም።

አክስቱ ቸሃ ገጠር ውስጥ አረፉና ለቀብር አብሬው ሄድኩ። ከሚኒባስ ወርደን ጀፎሮው፣ ያ ሰፊው የመንደር ሣር መንገድ፣ ፊታችን ተዘርግቶ ሳለ ስልኩን እያየ ቆመ።

«እዚህ መንገድ የለም ይላል።»

«የቆምክበት ምንድን ነው ታዲያ?»

«ሜዳ ነዋ!»

ውሃ የተሸከሙ እናት ሲያልፉ ልጠይቃቸው ስል ክንዴን ያዘ።

«ተው! የማን ልጅ ነህ ይሉኛል።»

ለካ ነገሩ ይኸ ኖሯል! እኛ ዘንድ መንገድ የጠየቀ ሰው የማን ልጅ እንደሆነና ለምን እንደጠፋ ሳይናገር አያልፍም። ደሳለኝ አክስቱን ካየ ስምንት ዓመቱ ነው። ስልክ ይህን መች ይጠይቃል?

ጀፎሮውን ትተን ካርታው ባሳየን የመኪና መንገድ ኮረብታውን ዞረን ስንደርስ ሰው ከቀብር ይመለሳል። የአክስቱ ባል ቀና ብለው አዩት።

«መንገዱ ጠፍቶኝ ነው፣ ጋሼ» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«እሷም እንዲያ ስትል ነበር፣ ልጄ» አሉት። «ስምንት ዓመት ሙሉ ‹መንገዱ ጠፍቶት ነው› እያለች ጠበቀችህ።»