ሞሚና የመራችው ጭፈራ

ሹመት ብዙ ዓይነት ነው። ሰው እንዲሠራ የሚሾሙት አለ፤ እንዲታይ ብቻ የሚሾሙትም አለ። ችግሩ ተሿሚው የትኛው እንደሆነ ካልተነገረው ነው። ወይም ተነግሮት እምቢ ካለ።

በደርግ ጊዜ አዋሽ ከተማ አስተማሪ ነበርኩ። ቀበሌያችን በብሔረሰቦች ጭፈራ ተወዳድሮ ለማሸነፍ የቋመጠ የኪነት ቡድን ነበረው። መሪው ጓድ ተፈራ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ፣ የመንዝ ሰው ነው። ኦሮሞውንም፣ ወላይታውንም፣ ጉራጌውንም እሱው ይጨፍራል። የአፋሩንማ ተዉት! በሱሪው ላይ ሽርጥ አገልድሞ፣ ጊሌውን፣ የአፋሩን ጩቤ፣ ወገቡ ላይ ሻጥ አድርጎ፣ ትከሻውን እንደ እስክስታ ሲያርገፈግፈው ከልቡ ነበር። በአፋር ምድር ተቀምጠን በቡድናችን አንድም አፋር እንደሌለ ልብ ያልነው፣ “የአካባቢውን ሕዝብ ያላሳተፈ ቡድን አይወዳደርም” የሚል ትእዛዝ ሲመጣ ነው።

ተፈራ አልተጨነቀም። ሞሚናን ሊቀመንበር አደረጋት። ሞሚና ሠርግ ላይ ስታዜም ሰው ከአዋሽ አርባ ድረስ የሚመጣላት አፋር ናት።

“አንቺ ስብሰባውን ትከፍቺልናለሽ፤ ሌላውን ለእኛ ተይው” አላት።

“ኢንሻአላህ” አለችው። እሱ እሺ ያለችው መስሎታል።

በመጀመሪያው ልምምድ ዘመዶቿንና ጎረቤቶቿን አስከትላ መጣች። “ተፈራ ወንድሜ፣ ዛሬ አንተ አረፍ በል። የአፋሩን እነዚህ ይጨፍሩታል።”

ተፈራ ፊቱ ተለዋወጠ። “ይህን ቡድን ያቋቋምኩት እኔ ነኝ።”

“እውነት ነው። አንተ ባትኖር ዛሬ እዚህ አንገናኝም ነበር። ግን በራችን ቅርብ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ አላንኳኳህም።”

ሁላችንም አንገታችንን ደፋን። ተፈራ ሽርጡን ፈትቶ፣ አጣጥፎ፣ ሊወጣ ተነሣ። አሳዘነኝ፤ ያን ጭፈራ ይወደው ነበር።

“ወዴት ነው? ለሌላው ጭፈራ ከበሮውን ማን ሊመታልን ነው?” አለችው።

በሩ ላይ ቆመ። ወጣቶቹ ክብ ሠርተው እያጨበጨቡ መዝለል ሲጀምሩ፣ የሞሚና ድምፅ ከላያቸው ሲነሣ፣ ተፈራ ሳይታወቀው ከእነሱ እኩል ያጨበጭብ ነበር።

በውድድሩ ሁለተኛ ወጣን። ከዚያ በኋላ ሞሚና መራች፤ ተፈራ ከበሮ መታ። የጉራጌውን ጭፈራ ግን አልለቅም አለ።

“ባለቤቱ እስኪመጣ ጨፍር” አለችው ሞሚና።

በሳምንቱ የሰፈራችን ጉራጌ ባለሱቅ በገበያ ሰዓት ሱቁን ዘግቶ መጣ።