የክቡር ኪዳኑ የስም ሰንጠረዥ

በእያንዳንዱ አጥቢያ፣ ሁለት ነገር በአንድ ስፍራ ተደርቦ ሲያይ እንቅልፍ የሚያጣ አንድ ወጣት አይጠፋም። ለእኛ ለእንጅባራዎቹ የደረሰን ክቡር ኪዳኑ ነው፤ ኮምፒውተር ተምሮ መጥቶ፣ የምእመናኑን መዝገብ በፕሮግራም ሊያደራጅ ራሱን በራሱ የሾመ።

«አባ፣ ይህ የራሱ ሰንጠረዥ ይፈልጋል!» ይለኛል እኔን፣ የአጥቢያውን የቅኔ መምህር። በቤተ ክርስቲያን ደጅ የተከመረውን ጫማ አይቶ እንኳ ይህንኑ ብሏል።

ወይዘሮ ደጊቱ ሊመዘገቡ በቀረቡ ጊዜ «ስንት ስም አለዎት እማማ?» አላቸው።

«ምን ሌባ ነኝ፣ ስንት ስም ይኖረኛል?»

ሆኖም ሦስት ተገኘ፦ ወላጆቻቸው ያወጡት ደጊቱ፣ አማታቸው በሠርጋቸው የሰጧቸው የዳቦ ስም አዱኛሽ፣ የክርስትናውም።

«በአንድ መስመር ጻፈውና ይሂዱ» አልሁት።

ደነገጠ። «አባ! ስሞቹ ለብቻቸው አይቆሙም፤ የርሳቸው ናቸው። በሌላ ሰንጠረዥ እያንዳንዱን በየራሱ መስመር አኖርና ከእርሳቸው የመዝገብ ቁጥር ጋር አስራቸዋለሁ።»

ለአንድ አካል ብዙ ስም መኖሩን ከቅኔ ቤት ጀምሮ ስለማውቅ፣ እንደ ወደደ ይጻፍ ብዬ ተውሁት።

ባለፈው ክረምት ወይዘሮ ደጊቱ በጽኑ ታመሙ፤ አንደበታቸውም ተያዘ። ቄሱ ሊጸልዩላቸው የክርስትና ስማቸውን ቢጠይቁ፣ ልጆቻቸውም አያውቁትም። ኪዳኑ ኮምፒውተሩን ከፈተና ፊቱ አመድ መሰለ። ከጥቂት ቀን በፊት ከስሞቻቸው የአንዱን ፊደል ሲያርም፣ ፕሮግራሙ እንደ ልማዱ የሴትዮዋን ስሞች በሙሉ ሰርዞ እንደ ገና ሊጽፍ ሲል መብራት ጠፍቶ ኖሯል። ክቡርነቱ ሁለቱን ሥራ፣ ወይ አብረው እንዲፈጸሙ ወይ አብረው እንዲቀሩ፣ አንድ ላይ ማሰር በመርሳቱ፣ መሰረዙ ተፈጸመ፤ መጻፉ ቀረ።

«እግዚአብሔር ስማቸውን ያውቀዋል» አልሁት።

«እርሱማ ያውቃል አባ፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» ብሎ ወጣ።

የወይዘሮ ደጊቱ ታላቅ እህት አዘና በምትባል ከተማ ይኖራሉ። በዚያ ዝናብ ሄዶ ጠይቋቸው፣ ለሠርክ ጸሎት እስከ ጉልበቱ በጭቃ ተለውሶ ደረሰ። «ወለተ ጊዮርጊስ» አለ ለቄሱ፤ ጸሎቱም ተጀመረ።

«በስልክ አትጠይቅም ነበር?» አልሁት ከጸሎቱ በኋላ።

«ጠይቄ ነበር። የእህታቸው ልጅ አነሣና ‹ወለተ ጊዮርጊስ ይመስለኛል› አለኝ። በይመስለኛል ይጸለያል እንዴ አባ?»

በብርድ ሲንቀጠቀጥ ባየሁት ጊዜ ጋቢዬን አውልቄ ደረብሁለት።

ወይዘሮ ደጊቱ በእግዚአብሔር ቸርነት ተነሥተዋል። ጋቢው ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰም፤ ክቡርነቱ ለብሶት ሲመጣ ከሩቅ ባየሁ ቁጥር፣ እንዳያፍር ብዬ መንገድ እለውጣለሁ።