ሦስተኛው ዛፍ

አብዛኞቻችን ስለ ዛፍ ያለን እውቀት የማገዶ እውቀት ነው። የትኛው ቶሎ ይያያዛል፣ የትኛው ያጨሳል፣ የትኛው ለምሰሶ ይሆናል፤ ከዚያ ያለፈ ብትጠይቁን ጉሮሯችንን እንጠራርጋለን። እኔም አሞሌ ጨው በበቅሎ ጭኜ ከጎጃም አሶሳ ስወርድ ዛፍ አውቃለሁ ባይ ነበርኩ።

እዚያ የመንገድ ጓደኛዬን ተሰማን ወባ ጣለው። ያሳደሩን እማማ ሐዋ የተባሉ የበርታ አሮጊት ለትኩሳት የሚሆን ልጣጭ ያውቁ ነበርና፣ ወንዝ ዳር ወስደው መንታ የሚመስሉ ሁለት ዛፎች አሳዩኝ። ቅጠላቸው አንድ፣ ቁመናቸው አንድ። ገበያ ላይ በለቀሟት አማርኛ፣

«ቅጠል አታይ፤ ቅጠል ይዋሻል። በቢላ ጫር። ቀይ ካለቀሰ መድኃኒት ነው። ነጭ ካለቀሰ ሰው ይገድላል» አሉኝ።

ራሴን ነቀነቅሁ። ራስ መነቅነቅ ከመስማት ጋር ዝምድና እንደሌለው ታውቃላችሁ።

በማግስቱ እሳቸው ገበያ እንደወጡ የተሰማ ትኩሳት ባሰበት። ቢላዬን ይዤ ሮጥኩ። ቅጠሉን አይቼ ላጥኩ፣ አፈላሁ፣ አጠጣሁት። ቅሉን ጨልጦ ዓይኑን ከደነ።

እማማ ሐዋ ሲመለሱ የተረፈውን ልጣጭ አንስተው አሸተቱ። ፊታቸው ተለወጠ።

«ምን አለቀሰ?»

«አላየሁም።»

ሳይቆጡ ወደ ወንዙ መሩኝ። ከኋላቸው ስከተል ለተሰማ ሚስት የምነግራትን ቃል አዘጋጅ ነበር፤ አንዱም አላምር አለኝ። የላጥኩትን ዛፍ ሳሳያቸው በቢላዬ ጫር አደረጉት። እንደ ውሃ የጠራ ጠብታ ወረደ። ቀይም ነጭም አይደለም። እማማ ሐዋ መሬት ላይ ቁጭ ብለው ሳቁ።

«አልሐምዱሊላህ። ይሄ ሌላ ነው። ፍየል ይበላል፣ ምንም አይሆንም።»

እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ከሁለት ዛፍ አንዱን ምረጥ ተብዬ ሦስተኛውን የመረጥኩ ሰው ነኝ፤ እንደዚያ ቀን ግን በራሴ ስህተት ደስ ብሎኝ አያውቅም። ትክክለኛውን ልጣጭ እሳቸው ላጡ፣ እኔ ተሸከምኩ። ተሰማም በአራተኛው ቀን ተነሥቶ ገንፎ ጠየቀ። እስኪጠና በቆየንባቸው ሳምንታት በየማለዳው እየተከተልኳቸው ጫርኩ፣ አሸተትኩ፣ ተሳሳትኩ፤ በመጨረሻ ሦስቱን ያለ እሳቸው ለየሁ።

ተሰማ አገሩ ገብቶ የሚያወራው ግን ሌላ ነው። «የሴትዮዋ መድኃኒት መራራ ብቻ ነው፤ ያዳነኝ እሱ ያጠጣኝ የመጀመሪያው ቅል ነው» ይላል። ሁለት ጊዜ እውነቱን ነገርኩት። ሁለቱንም ጊዜ ትሕትናዬን አመሰገነ።